ካምቢዮ ከመግጠም በፊት፦ ቤል ሐውዚንግን ከክራንክ ሻፍት ጋር ማማከል

አንድ ጊዜ የገጠምኩት ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ ላይ እግሬን ከነዳጁ ባነሳሁ ቁጥር ማርሹን እየተፋ አስቸገረኝ። አውርጄ ፈታሁት፤ ማርሽ ሳይጋጭ እንዲገባ የሚያደርገውን ሲንክሮናይዘር ቀየርኩ፤ መልሼ ሰቀልኩት፤ አሁንም ተፋ። ሁለተኛ ጊዜ አውርጄ የመግቢያ ዘንጉን ኩሽኔታ ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ጸጥ ብሎ ቆየና በሦስተኛው ያንኑ አመሉን ጀመረ። ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ አልነበረም። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ደወል መሰል ቤት፣ ቤል ሐውዚንጉ፣ ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) መሃል ሩብ ሚሊሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። በዓይን አይታይም፤ በጣትም አይዳሰስም። ልኬቱ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ በሁለት ቦታ ይያዛል። የፊት አፍንጫው በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ባለው ፓይለት ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፤ የኋላው ወገን በካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ካምቢዮው ራሱ ቦታውን የሚያገኘው ደግሞ በፊት ኩሽኔታ ክዳኑ ላይ ባለው ክብ አንገት ነው፤ አንገቱ ሐውዚንጉ ጀርባ ላይ ባለው ክብ ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የቀዳዳው መሃልና የክራንክ ሻፍቱ መሃል አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ዘንጉ ተጣሞ ይሽከረከራል። ፓይለቱ ቶሎ ይበላል፤ የፍሪሲዮን ሸራው እምብርት በየዙሩ ወደ ጎን ይጎተታል፤ ፍሪሲዮን ተረግጦም ሸራው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። የመግቢያ ዘንጉና ዋናው ዘንግ አንድ ሆነው በሚዞሩበት ቀጥታ ማርሽ ላይ ደግሞ ጥርሶቹ በተጣመመ መስመር ስለሚገናኙ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ማርሹ የሚወጣውም በዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሐውዚንጉን የሚያማክሉት ብሎኖቹ ይመስሉታል። አይደሉም። የብሎን ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ተደርጎ ስለሚበሳ ብሎን የሚያውቀው አጥብቆ መያዝን ብቻ ነው። ቦታ የሚያስይዙት በሞተሩ ብሎክ ጀርባ ላይ ተተክለው የቆሙት ሁለት ፒኖች ናቸው። ፒኖቹ ጠፍተው በብሎን ብቻ የታሰረ ሐውዚንግ ካገኙ ልኬቱን ከመጀመርዎ በፊት ፒን ይፈልጉለት፤ ያለ እነርሱ የሚገኘው ቁጥር ሁሉ ነገ ይለወጣል።

መቼ ይለካ?

ሞተሩና ሐውዚንጉ ከፋብሪካ አብረው ወጥተው ካልተለያዩ፣ ችግርም ካልታየ ብዙ ጊዜ መለካት ግድ አይሆንም። ሐውዚንጉ ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ፣ አዲስ የተገዛ ከሆነ ወይም የብሎኩ የክራንክ ሻፍት መቀመጫዎች እንደገና ተሞርደው ከሆነ ግን ይለኩ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ካሉ ደግሞ ካምቢዮውን ከመፍታትዎ በፊት ይለኩ።

ይህ መመሪያ ከካምቢዮው ተለይቶ ለሚወርድ ሐውዚንግ ነው። ሐውዚንጉ ከካምቢዮው ገላ ጋር አንድ ሆኖ በተቀረጸበት ካምቢዮ፣ በፊት ጎማዎቻቸው በሚነዱ መኪናዎች ላይ እንደሚበዛው፣ በመለኪያ ጌጅ የሚዞሩበት ክፍት ቀዳዳ የለም። እዚያ ማድረግ የሚቻለው ሁለቱም ፒኖች መኖራቸውንና የሚገጥሙት ፊቶች ንጹሕ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው መሣሪያ ማግኔታዊ መቆሚያ ያለው ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ርቀትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ነው። አንድ መቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ ቢሆን ይመረጣል። ለቀዳዳው ጫፉ በጎን የሚንቀሳቀስ ትንሽ የማንሻ ጌጅ ይመቻል፤ ካምቢዮው ለሚያርፍበት የሐውዚንጉ ፊት ደግሞ የተለመደው የሚገፋ ዘንግ ያለው። አንድ ብቻ ካለዎት እጁን አጣጥፎ ሁለቱንም ማሠራት ይቻላል። መቆሚያው የሚያርፍበት ቮላኖ፣ ክራንክ ሻፍቱ ጀርባ ላይ የታሰረው ከባድ ክብ ሳህን፣ አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔት አይዘውም፤ ሸራውን ቮላኖው ላይ በሚጫነው በፕሬዠር ፕሌቱ የብሎን ቀዳዳ አንድ የብረት ቁራጭ አስረው መቆሚያውን እዚያ ላይ ያስቀምጡ። ከዚህ ሌላ ብሎን በተወሰነ ልክ (ቶርክ) የሚያጠብቅ የቶርክ መፍቻ፣ ጠመኔ፣ ጥሩ ሞረድና ወረቀት ይበቃሉ።

መቆሚያውን ሲያስሩ እጁን አጭርና ጠንካራ ያድርጉት። ጌጁን ካስቀመጡ በኋላ እጁን በአንድ ጣት ቀስ ብለው ይጫኑና ይልቀቁ። መርፌው ወደ ነበረበት ካልተመለሰ የሚለኩት ሐውዚንጉን ሳይሆን የራስዎን መቆሚያ ነው።

ማዘጋጀት

ባትሪውን ይንቀሉ። ካንዴላዎቹን ያውጡ፤ ሞተሩ ናፍጣ ከሆነ ግሎ ፕለጎቹን። ይህ የሚደረገው ክራንክ ሻፍቱ በእጅ ያለ ግፊት እንዲዞርና በፈለጉበት ቦታ እንዲቆም ነው። ፕሬዠር ፕሌቱና ሸራው ይውጡ፤ ቮላኖው በሙሉ ቶርክ ታስሮ ይቆይ።

የብሎኩን ጀርባና የሐውዚንጉን ሁለት ፊቶች ያጽዱ። ቀለም፣ ዝገት፣ የድሮ ማሸጊያ ቅሪት፣ በብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ብቅ ያለች ሹል ብረት፣ ሁሉም በመቶኛ ሚሊሜትር ይቆጠራሉ። ሞረዱን ጋደም አድርገው በፊቱ ላይ ቢያንሸራትቱት የት ጋ እንደሚነክስ ይነግርዎታል። ቀዳዳውም ውስጡ ቀለም የተቀባ ከሆነ እስከ ብረቱ ይጽዳ። በሞተሩና በሐውዚንጉ መካከል የሚገባ ስስ የብረት ሳህን ያለው መኪና ከሆነ ለልኬቱም ይግባ። ከዚያ ሐውዚንጉን ያስቀምጡና ብሎኖቹን በሙሉ በመጨረሻው ቶርክ ያጥብቁ። በሁለት ብሎን ለጊዜው ይዞ መለካት የተለመደ ስንፍና ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለት የተለያየ ቁጥር አግኝቼበታለሁ።

መጀመሪያ ፊቱ

አብዛኛው ሰው ወደ ቀዳዳው ይቸኩላል። እኔ ከፊቱ እጀምራለሁ። ሐውዚንጉ ጥልቀት ያለው ዕቃ በመሆኑ ብሎኩ ላይ ያለች ትንሽ መዘንበል ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ ከቦታው ታነሳዋለች። ቀዳዳውን አስተካክለው በኋላ ፊቱን ቢያቀኑ የመጀመሪያው ሥራ ከንቱ ይሆናል።

መቆሚያውን ቮላኖው ላይ ያኑሩ፤ እጁን በቀዳዳው በኩል ወደ ኋላ ያውጡና የጌጁ ጫፍ ካምቢዮው በሚያርፍበት ፊት ላይ ከኋላ ወደ ፊት እየተጫነ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ በተቻለ መጠን ወደ ውጭ ጠርዝ፣ ከብሎን ቀዳዳዎች ራቅ ብሎ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ልቅነት አለው፤ በጤነኛ ሞተር ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል፤ እርስዎ ከሚፈልጉት ስሕተት ጋር የሚተካከል ማለት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ቮላኖውን ወደ ሞተሩ ገፍተው፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከዚያ ያንብቡ።

ለፊቱ በመርፌው ጠቅላላ ልዩነት 0.010 ኢንች፣ ማለትም 0.25 ሚሊሜትር ያህል፣ እንደ ወሰን የሚይዙ አሉ። እኔ ከዚያ ግማሹን ካለፈ ዝም ብዬ አላልፈውም። መርፌው ቀንሶ ያነበበበት ጎን ወደ ሞተሩ የተጠጋው ጎን ነው። እንደገና ያጽዱ፤ ካልተስተካከለ በዚያ ጎን በብሎኩና በሐውዚንጉ መካከል ሺም የሚባለውን ስስ የብረት ቁራጭ ያስገቡ። ውፍረቱ መርፌው ካሳየው ጋር እኩል አይደለም። የለኩበት ክብ 240 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት ታችኛው ጎን 0.20 ቢቀንስ፣ በላይኛውና በታችኛው የብሎኩ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 360 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከታች የሚገባው 0.20 ሲባዛ በ360 ሲካፈል ለ240፣ ማለትም 0.30 ሚሊሜትር ነው። መሃል ላይ ያሉት ብሎኖች ግማሹን ያገኛሉ፤ የላይኞቹ ምንም። ከ0.5 በላይ ሺም የሚጠይቅ ሐውዚንግ ግን ሺም ሳይሆን የቶርኖ ቤት ያስፈልገዋል።

ቀዳዳው

አሁን ጌጁን ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡ። ጫፉ በቀዳዳው ጥልቀት መካከል ይረፍ እንጂ ጠርዙ ላይ ባለው ሸርተቴ ላይ አይሁን። ሐውዚንጉን ከኋላ ሆነው እያዩ እንደ ሰዓት ገጽ 12፣ 3፣ 6 እና 9ን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ጫፉን 12 ላይ አድርገው መርፌውን ዜሮ ላይ ያምጡ። ከዚያ ክራንክ ሻፍቱን ከፊት ባለው ብሎን ሞተሩ በተለመደው በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞሩ በአራቱም ቦታ ቆም ብለው ይጻፉ። ወደ 12 ሲመለሱ መርፌው ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ ነገር ተንሸራቷል፤ ቁጥሩን ጥለው እንደገና ይጀምሩ።

ሌላም ማጣሪያ አለ። የ12 እና የ6 ድምር ከ3 እና ከ9 ድምር ጋር እኩል መውጣት ይኖርበታል። ክብ ቀዳዳ ከመሃሉ ቢርቅም ይህ ድምር አይዛባም። በሁለት መቶኛ ቢለያይ ይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ጌጁ ላልቷል ወይ ቀዳዳው ክብ አይደለም።

ምልክቱን አይርሱ። ዘንጉ በሚገፋ ጌጅ ላይ መርፌው ሲጨምር የቀዳዳው ግድግዳ ወደ ክራንክ ሻፍቱ መሃል ቀርቧል ማለት ነው። በማንሻ ጌጅ ላይ ግን እንደ አቀማመጡ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ጫፉን በጣትዎ ወደ ክራንክ ሻፍቱ መሃል ገፋ ያድርጉትና መርፌው ወዴት እንደሚሄድ ይዩ፤ ያ አቅጣጫ ነው ለእርስዎ ፕላስ።

ስሌቱ

እንዲህ ያለ ንባብ ወጣ እንበል፦ 12 ላይ 0፤ 3 ላይ 0.10፤ 6 ላይ 0.30፤ 9 ላይ 0.20 ሚሊሜትር። የ12 እና የ6 ድምር 0.30፤ የ3 እና የ9ም 0.30። ንባቡ ይታመናል።

ከላይ ወደ ታች ያለው ልዩነት 0.30 ነው። ሐውዚንጉ ከመሃል የራቀው ግን 0.30 ሳይሆን ግማሹን፣ 0.15 ነው። ጌጁ ሲዞር በአንድ ወገን መቅረቡን፣ በሌላው ወገን መራቁን ሁለቱንም ስለሚቆጥር ስሕተቱን እጥፍ አድርጎ ያሳያል። የመርፌውን ቁጥር ይዞ ፒን የሚያዝ ሰው ሐውዚንጉን ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላኛው ያሻግረዋል፤ በዚህ ሥራ ላይ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ግድግዳው የቀረበው 6 ላይ ስለሆነ ሐውዚንጉ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ 0.15 ወደ ታች መውረድ አለበት። በአግድም በ9 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት 0.10፣ ግማሹ 0.05፤ ወደ 9 መሄድ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ የየራሳቸው ካሬ ተደምሮ ሥሩ ሲወጣ፣ 0.158 ይሆናል፤ አቅጣጫውም ከ6 ትንሽ ወደ 7 ያዘነበለ ነው። ሥር ማውጣት ካልፈለጉ በካሬ ወረቀት ላይ በትልቁ ሠርተው በማስመሪያ ቢለኩት ያው ይመጣል።

ብዙዎች የሚቀበሉት ወሰን 0.005 ኢንች ርቀት፣ ማለትም 0.127 ሚሊሜትር ነው፤ በመርፌው ላይ 0.254 ሆኖ ይነበባል። ከዚህ የጠበቀ ቁጥር የሚጽፉ የካምቢዮ አምራቾች ስላሉ የራስዎ ካምቢዮ መመሪያ የሚለው ይበልጣል። የእኛ 0.158 ከወሰኑ አልፏል።

ፒኖቹን መቀየር

ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ፣ ብሎክ ውስጥ የሚገባው ግማሽና ሐውዚንግ ውስጥ የሚገባው ግማሽ መሃላቸው የተለያየ ፒኖች አሉ። በብዛት የሚገኙት በሦስት ልክ ነው፦ 0.007፣ 0.014 እና 0.021 ኢንች፤ በሚሊሜትር 0.18፣ 0.36 እና 0.53 ያህል። ለምሳሌያችን 0.18 ያህሉ ይመረጣል፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲዞር የሚቀረው ሁለት መቶኛ ብቻ ነው። የሚፈለገው ከ0.53 በላይ ከሆነ ግን ፒን አይፈልጉ። ወይ ሐውዚንጉ የዚያ ሞተር አይደለም፣ ወይ አንድ ነገር ፊቱ ላይ ተጣብቆ አልታየም።

የድሮው ፒን በጉጠት ተይዞ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ባዶ ቱቦ መሳይ ከሆነ በጉጠት ሲያዝ ይጨመደዳል፤ ከመያዝዎ በፊት ውስጡ ልክክ የሚል የመሰርሰሪያ ጭራ ያስገቡበት። አዲሶቹን ብሎኩ ውስጥ ያስገቡና ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ያዙሩ። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ። አንዱ ወደ 6፣ ሌላው ወደ 8 ቢያይ ሐውዚንጉ ይጠማዘዛል ወይም ጨርሶ አይገባም። አቅጣጫ አመልካቹ ምልክት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ እሱን ብቻ አይመኑ፤ ጥፍርዎን በፒኑ ወገብ ዙሪያ ቢያሮጡ እርከኑ የቱ ጋ እንደወጣ ይሰማዎታል። ሐውዚንግ ውስጥ የሚገባው ግማሽ የወጣበት ጎን ሐውዚንጉ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት ማየት አለበት፤ በምሳሌያችን ወደ 6 ተኩል ግድም።

ሐውዚንጉን ይመልሱ፤ ሙሉ ቶርክ ይስጡ፤ እንደገና ይለኩ። በመጀመሪያው ሙከራ መምታት ዕድል ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ማስተካከል የተለመደ ነው። ቁጥሩ ሲረካዎት ፒኖቹ እንዳይዞሩ ማቆሚያ ብሎን ካላቸው ያጥብቁት፤ ከሌላቸው በብሎን ማጣበቂያ ያስይዟቸው። ፊቱንም አንድ ጊዜ ይመልከቱት።

ፓይለቱንና አንገቱን ሳይረሱ

ሁሉም ልኬት ክራንክ ሻፍቱን መሃል አድርጎ የተወሰደ ስለሆነ ፓይለቱም እዚያው መሃል ላይ መሆን አለበት። መቆሚያውን አሁን ሐውዚንጉ ላይ አድርገው ጫፉን ፓይለቱ ውስጥ ያስገቡና ክራንክ ሻፍቱን ያዙሩ፤ መርፌው እምብዛም መነቃነቅ የለበትም። ፓይለቱ ዘይት የጠጣ የነሐስ ቡሽንግ ከሆነ ግራሶ አይቀቡት፤ ግራሶ የነሐሱን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከመግባቱ በፊት በሞተር ዘይት ውስጥ ይቆይ።

የካምቢዮውን ክብ አንገትና የሐውዚንጉን ቀዳዳም በካሊፐር ያመሳክሩ። አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ የሚጫወት ከሆነ እስካሁን የደከሙበት ሁሉ ብሎኖቹ ሲጠብቁ እንደፈለገው ይንሸራተታል።

ማስገባት

ሸራውን በማማከያ ዘንግ አስይዘው የፕሬዠር ፕሌቱን ብሎኖች በተቃራኒ ጥንድ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። የማማከያው ዘንግ ሲጨርሱ በሁለት ጣት ተስቦ መውጣት አለበት። ከዚያ ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ሁለት ረጃጅም ብሎኖችን በላይኞቹ የካምቢዮ ቀዳዳዎች አስገብተው እንደ ሐዲድ ይጠቀሙባቸው፤ ካምቢዮው በእነርሱ ላይ እየተንሸራተተ ይገባል፤ ክብደቱም ሸራው ላይ አይንጠለጠልም። ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ ያስገቡና የኋላ ዘንጉን እያዞሩ ጥርሶቹን ከሸራው ጋር ያገናኙ።

የመጨረሻዋ አንድ ሴንቲሜትር በእጅ ግፊት ትዘጋለች። ካልተዘጋች ብሎን አጥብቀው አይሳቡት፤ የፓይለት ቡሽንግ የሚሰነጠቀውና የሸራ እምብርት የሚጣመመው በዚያች ሴንቲሜትር ነው። አውጥተው ሸራውን እንደገና ያማክሉ። መሃሉ የተገኘ ካምቢዮ ሲገባ በድምፁ ይታወቃል፤ ደፈን ያለ አንድ ምት ብቻ ይሰማና ፊት ለፊት ይገጥማል።

ከመኪናው ሥር ከመውጣትዎ በፊት የመጨረሻውን ንባብና የፒኖቹን ልክ በማይለቅ ቀለም ሐውዚንጉ ጎን ላይ ይጻፉ። ሐውዚንጉ አንድ ቀን ቢቀየር ፒኖቹ ብሎኩ ላይ ይቀራሉ፤ አዲስ የሚመጣው ትክክለኛ ሐውዚንግም 0.18 ሚሊሜትር ተዛብቶ ይቀመጣል።